መጽሐፍ ያለ መምህር፦ ለሮብ ገበያ መደርደሪያ ከአራት ዘርፎች በተመረጡ መጻሕፍት ላይ የቀረበ ሂስ

መግቢያ

ለገጠር ትምህርት ቤቶች መጻሕፍት በሚመረጡበት ጊዜ አዘውትሮ የሚነሣው ጥያቄ ስንት መጻሕፍት ለስንት ተማሪዎች ይድረሱ የሚል ነው። ጥያቄው ለበጀትና ለዕቅድ አስፈላጊ መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ መጽሐፉ ከተማሪው እጅ ከገባ በኋላ ምን ሥራ ይሠራል ለሚለው ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ሊሆን አይችልም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ሁለተኛ ጥያቄ አንሥቶ ከልቦለድ፣ ከኅብረተሰብ፣ ከሳይንስና ከሃይማኖት ዘርፎች የተመረጡ ጥቂት መጻሕፍትን መመዘን ነው።

ምዘናው በደፈናው እንዳይሆን አንድ ቦታ መያዝ ያስፈልጋል። ቦታው በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ አካባቢ የምትገኘው ሮብ ገበያ ናት። አካባቢው ለመጽሐፍ እንግዳ አይደለም። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ ማርያምና መርጡለ ማርያም የሚገኙት በዚሁ በምሥራቅ ጎጃም ነው፤ የጎንጅና የዋሸራ የቅኔ ቤቶችም ስማቸው የገነነው በጎጃም ምድር ነው። በዚያ ሥርዓት ግን መጽሐፍ ብቻውን አይነበብም። ተማሪው ከየኔታ ፊት ተቀምጦ ንባቡን ይቀበላል፤ ትርጓሜውን ይሰማል፤ የሰማውን በቃሉ ይዞ ይመልሳል። ዘመናዊው ትምህርት ቤትም ይህንኑ ልማድ በሌላ መልክ ወርሶታል። የመማሪያው መጽሐፍ መምህሩ ሰሌዳው ላይ ሲያብራራው ይገባል፤ መምህሩ በሌለበት ግን ብዙውን ጊዜ ዝም ይላል።

ችግሩ መምህሩ የማይገኝበት ጊዜ መኖሩ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተከሠተው ግጭት ምክንያት በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆይተዋል፤ ብዙ ልጆችም የትምህርት ዘመን አልፏቸዋል። ሰላም በሆነበት ዘመን እንኳ ሳይቀር በአጨዳና በውቂያ ወራት ከክፍል የሚቀረው ተማሪ ጥቂት አይደለም። እንዲህ ላለው ተማሪ መጽሐፍ የመምህሩ ረዳት መሆኑ ቀርቶ ምትኩ ይሆናል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የተያዙት መመዘኛዎች የሚከተሉት ሦስት ናቸው።

1ኛ. መጽሐፉ ያለ መምህር ተነቦ ሊገባ ይችላልን?

2ኛ. አንባቢው ያነበበውን በአካባቢው ካለው ነገር ጋር ሊያመሳክር ይችላልን?

3ኛ. መጽሐፉ በዚያው መደርደሪያ ላይ ካሉት ከሌሎቹ ጋር ይነጋገራልን?

ልቦለድ

በዚህ ዘርፍ በመጀመሪያ የሚቀርበው በ1958 ዓ.ም. የታተመው የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ደራሲው የጎጃም ተወላጅ በመሆናቸው ብቻ የተመረጠ እንዳይመስል ምክንያቱን መግለጽ ይገባል። የመጽሐፉ ዋና ስፍራ ዲማ ነው። የማንኩሳው በዛብህ ስለ ስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ልጅ ነው፤ ቅኔ ተምሮ ሊቅ ከሆነ በኋላ በፊታውራሪ መሸሻ ቤት ለሰብለ ወንጌል ፊደልና ንባብ እንዲያስተምር ይቀጠራል። የሮብ ገበያ አካባቢ ልጅ የቦታውን ስም፣ የቆሎ ተማሪውን ኑሮ፣ የባላባቱን ቤት ሥርዓት ከአያቶቹ ሰምቶታል። የቀረውን ታሪኩ ራሱ እየመራ ያሳየዋል።

ከሁሉ በላይ ግን ይህ መጽሐፍ መምህሩን በውስጡ ይዟል። መምህሩ ሰዎቹ «ጉዱ ካሣ» የሚሉት ካሣ ዳምጤ ነው። አንባቢው የሥርዓቱን ነውር ሊያይ ባልቻለበት ቦታ ካሣ ይጠይቅለታል፤ ሌሎቹ እንደ እብድ ሲቆጥሩት አንባቢው እብዱ ማን ነው ብሎ ራሱን እንዲመረምር ይገደዳል። አንድ ልጅ በበረንዳ ተቀምጦ ብቻውን ቢያነበው ከካሣ ጋር ሊከራከር ይችላል። አርቲስት ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠሩ አድማጮች ጭምር ተረድተውት እንደነበር ስናስታውስ መጽሐፉ የመጀመሪያውን መመዘኛ ማለፉ አያጠራጥርም።

ጉድለት የለውም ማለት ግን አይደለም። የካሣ ንግግር በአንዳንድ ቦታ ስለሚረዝም ታሪኩ ቆሞ እስኪጠብቀው ድረስ ይደርሳል፤ ገና ማንበብ የሚለማመድ ተማሪም እዚያ ላይ ሊሰለች ይችላል። የመጽሐፉ ርዝመትም ቀላል አይደለም። መምህራን በክፍል ሲያቀርቡት ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው በተራ ከማስነበብ ይልቅ የገበሬዎቹን አድማ የሚያወሳውን ክፍል አስቀድመው ቢያነቡ ተማሪው የቀረውን ራሱ ፈልጎ ያነብባል። የሰብለ ወንጌል ትምህርትም ለውይይት የሚጠቅም ነጥብ ነው። መምህር ሊቀጠርላት የቻለው የፊታውራሪ ልጅ በመሆንዋ ነው፤ በዚያው ዘመን የገበሬው ሴት ልጅ የት ነበረች የሚለውን ጥያቄ ሴት ተማሪዎች እንዲያነሡት ሊበረታቱ ይገባል።

ሁለተኛው ልቦለድ የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ» ነው። በ1941 ዓ.ም. የወጣው ይህ መጽሐፍ በፈረንሳይ አገር ስለ እርሻ ተምሮ ለአገሩ ሊሠራ የተመለሰውን ወጣት ይተርካል። የተማረ ሰው ወደ መሬት ይመለስ የሚለው አሳቡ ለገበሬ ልጆች ዛሬም ትርጉም አለው። ይሁን እንጂ ባለ ታሪኩ በስሙም በግብሩም አርአያ እንዲሆን ስለተፈለገ አንባቢው ያደንቀዋል እንጂ አይሞግተውም። ከአገር ፍቅሩ የምንማረውን ያህል ከእርሻ ዕውቀቱ አንማርም። ሁለቱ መጻሕፍት ጎን ለጎን ቢቀመጡ ግን አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል፤ አርአያ መልስ ይዞ ይመጣል፣ ካሣ ጥያቄ ይዞ ይቆያል።

ስለ ኅብረተሰብ የተጻፉ መጻሕፍት

በዚህ ዘርፍ የመጀመሪያውን ስፍራ የሚይዘው የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ነው። ጸሐፊው ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው ይህ መጽሐፍ የሀብት ምንጭ ሥራና ዕውቀት መሆኑን፣ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ጥሬ ዕቃውን በርካሽ ሸጦ የተሠራውን ዕቃ በውድ እንደሚገዛ ያስረዳል። ቋንቋው ለዛሬ ወጣት ከበድ ይላል፤ የምጣኔ ሀብት ቃላት ገና ባልተደላደሉበት ዘመን ስለተጻፈ አንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ማንበብ ግድ ነው። በመጀመሪያው መመዘኛ ስንመዝነው ሙሉ ነጥብ አያገኝም።

በሁለተኛው መመዘኛ ግን የሚተካከለው ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም ማመሳከሪያው በየሳምንቱ ረቡዕ በደጅ ይቆማል። ተማሪው ከቤቱ የመጣው ጤፍ በስንት እንደተሸጠ፣ በዚያው ገንዘብ ስንት ክንድ ጨርቅ ወይም ስንት ኪሎ ማዳበሪያ እንደተገዛ ለጥቂት ሳምንታት በደብተሩ ቢመዘግብ የነጋድራስ ገብረ ሕይወት አሳብ ልክ መሆኑንና አለመሆኑን በራሱ ቁጥር ይፈርዳል። ከመቶ ዓመት በፊት የተጻፈ መጽሐፍ በገበያ ቀን ሊፈተን መቻሉ ለማኅበራዊ ሳይንስ መምህር ትልቅ ዕድል ነው።

የብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» በ1942 ዓ.ም. የወጣ ነው። ስለ መሬት ሥሪት፣ ስለ ግብርና ስለ ቤተ መንግሥት ሥርዓት ብዙ መረጃ አከማችቷል። ይህ እንደ ታሪክ ከዳር እስከ ዳር የሚነበብ ሳይሆን ሲፈለግ የሚገለጥ መጽሐፍ ነው። በመደርደሪያው ላይ መኖሩ የሚጠቅመው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የሚያነብ ተማሪ ርስት፣ ጉልት፣ ግብር የሚሉት ቃላት ሲገጥሙት የሚመለከተው እንዲኖረው ነው። ጸሐፊው የሥርዓቱ ባለሥልጣን ስለነበሩ ግብሩ እንዴት እንደሚሰበሰብ ይነግሩናል፤ ገበሬው እንዴት እንደተሰማው ግን ከልቦለዱ መፈለግ ይኖርብናል።

እዚህ ላይ የመደርደሪያው ትልቅ ክፍተት ይታያል። ልቦለዱ በወጣ በሁለት ዓመት ውስጥ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የሞጣ፣ የቢቸናና የዳሞት ገበሬዎች በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ተነሥተዋል። ገበሬውን ያስቆጣው የገንዘቡ መጠን ብቻ አልነበረም፤ መሬቱ ከተለካ ርስቱ ይነጠቃል የሚለው ሥጋት ነበር። መንግሥት ጦር ከላከ በኋላ በመጨረሻ አገረ ገዥው ተነሡ፤ ውዝፉ ግብርም ተማረ። ይህ ታሪክ ገብሩ ታረቀ በ1991 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ የገበሬዎች ዐመፅ ባሳተሙት ጥናት ውስጥ ሰፊ ቦታ ይዟል፤ ጥናቱ የተጻፈው ግን በእንግሊዝኛ፣ ለከፍተኛ ትምህርት አንባቢ ነው። የሮብ ገበያ ልጅ የአያቱን ታሪክ ለማንበብ የሁለት ዲግሪ መንገድ መጓዝ አለበት ማለት ነው። ምንጩን የጠበቀ፣ በስድሳ ወይም በሰማንያ ገጽ የተወሰነ የአማርኛ መጽሐፍ ለዚህ ዘርፍ ከማናቸውም በፊት ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ቢኖር ልቦለዱና ታሪኩ ጎን ለጎን ይነበቡ ነበር፤ ተማሪውም ደራሲ ያሰበውን ከሆነው ነገር ለይቶ ማየት ይለምድ ነበር።

ሳይንስ

በምርጫው ውስጥ ደካማው ዘርፍ ይህ ነው። በሁለተኛ ደረጃ የሳይንስ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ በመሆኑ ለወጣት አንባቢ በአማርኛ የሚጻፈው የሳይንስ መጽሐፍ ከልቦለዱና ከሃይማኖቱ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። የሳይንስና የቴክኖሎጂ ቃላትን ወደ አማርኛ ለመመለስ የተደረገው ሰፊ ጥረትና ከዚያ የተገኘው መዝገበ ቃላት ምስጋና ይገባቸዋል። መዝገበ ቃላት ግን ቃል ይሰጣል እንጂ አያስተምርም፤ «ስበት» የሚለውን ቃል ያገኘ ልጅ ድንጋይ ለምን እንደሚወድቅ ገና አልተነገረውም።

በአማርኛ ካሉት መካከል ለዚህ መደርደሪያ የተመረጠው የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ «ባሕረ ሐሳብ» ነው። መጽሐፉን በሳይንስ ዘርፍ ማስቀመጣችን አንዳንዱን አንባቢ ሊያስገርም ይችላል፤ የዘመን ቆጠራው የቤተ ክርስቲያን ቅርስ ነውና። ነገር ግን ስሌቱን እንመልከት። 5500ን በ2018 ላይ ብንደምር 7518 እናገኛለን። ይህን ለ4 ስናካፍል 2 ይተርፋል፤ ዘመኑ ማርቆስ ነው። ለ19 ስናካፍል 13 ይተርፋል፤ አንድ ስናጎድል ወንበሩ 12 ይሆናል። 12 በ11 ሲባዛ 132 ነው፤ በ30 ስንገድፈው የሚተርፈው 12 አበቅቴ ነው። 12 በ19 ሲባዛ 228 ነው፤ በ30 ተገድፎ የሚተርፈው 18 መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ይሆናሉ፤ ካልሆኑ ከመንገዱ ላይ ስሕተት ተሠርቷል። የስድስተኛ ክፍል ሂሳብ የሚችል ልጅ ስሌቱን ያለ መምህር ሠርቶ፣ ያለ መምህር ያርመዋል። የራሱን መፈተኛ በውስጡ የያዘ ዕውቀት እንዲህ ያለው ነው።

ሆኖም በዚህ ብቻ ሳይንስ ሆነ ለማለት አይቻልም። ስሌቱ የሚፈትነው ራሱን በራሱ ነው፤ ሳይንስ ደግሞ ሰማዩንም ጠይቅ ይላል። ተማሪው ማታ ማታ ወጥቶ ጨረቃን እየቆጠረ ቢመዘግብ በስሌቱና በሚታየው ጨረቃ መካከል የጥቂት ቀናት ልዩነት ያገኛል። ምክንያቱም የ19 ዓመቱ ዑደት ከጨረቃዋ ትክክለኛ ጉዞ ጋር ፈጽሞ እኩል አይደለም፤ በሦስት መቶ ዓመት ገደማ የአንድ ቀን ልዩነት ይፈጠራል፤ ቆጠራውም ከጥንት የመጣ ስለሆነ ልዩነቱ ተጠራቅሟል። ይህ የሊቃውንቱን ሥራ የሚያሳንስ አይደለም፤ የበዓላቱ ሥርዓት በስሌቱ እንደ ጸና ይኖራል። ለተማሪው ግን አንድ ሕግ ከተፈጥሮ ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ መጠየቅ የሳይንስ መጀመሪያ ነው።

ገና ሊጻፉ ከሚገባቸው የሳይንስ መጻሕፍት መካከል ደግሞ አንዱን መጠቆም ይቻላል። ሐዲስ ዓለማየሁ የተወለዱበት ቀበሌ እንዶዳም ይባላል፤ እንዶድ የበዛበት ማለት ነው። እናቶቻችን ልብስ ያጠቡበት የነበረው ይህ ተክል በዓለም የሳይንስ ታሪክ ስሙ ተጽፏል። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ የቢልሃርዝያን በሽታ በሚያጠኑበት ጊዜ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ በታች በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። ቀንድ አውጣው የበሽታው አስተላላፊ ነው። ወዲያው መደምደሚያ አልሰጡም፤ ሕያዋን ቀንድ አውጣዎች ባሉበት ዕቃ ውስጥ የእንዶድ አረፋ እንዲጨመር አድርገው መሞታቸውን ተመለከቱ። ከዚያ በኋላ የብዙ ዓመት ምርምር ተከተለ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘላቸው። ማየት፣ መጠርጠር፣ መፈተን የሚሉት ሦስቱም የሳይንስ እርምጃዎች በአንድ የወንዝ ዳር ታሪክ ውስጥ ይገኛሉ። ይህን በሠላሳ ገጽ ለልጆች መጻፍ ቤተ ሙከራ ለሌለው ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ እንደ መስጠት ይቆጠራል።

ሃይማኖት

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ እንዲሰጥ ይደነግጋል። በመሆኑም የሃይማኖት መጽሐፍ በመንግሥት ትምህርት ቤት መደርደሪያ ላይ ምን ይሠራል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። መልሱ እምነት ለማስተማር አይደለም የሚል ነው። መጽሐፉ የሚቀመጠው የሕዝቡ ቋንቋ፣ ሥነ ጽሑፍና ታሪክ አካል ስለሆነ ነው፤ ጎረቤትን ለማወቅም ነው።

የመጀመሪያው ምርጫ የወንጌል አንድምታ ትርጓሜ ነው። የአንድምታን መጽሐፍ እንደ ሥነ ጽሑፍ ስንመለከተው ከሌሎቹ ሁሉ የተለየ ጠባይ አለው። የግእዙን ንባብ ያስቀምጣል፤ በአማርኛ ይፈታዋል፤ «አንድም» ብሎ ሁለተኛ ትርጉም ያመጣል፤ አሳቡ ሲጠጥር «ታሪክ» ብሎ ምሳሌ ይተርካል። ይህ የየኔታ ድምፅ በወረቀት ላይ የሠፈረበት ነው። ከላይ የተነሣውን የመምህር አልባ መጽሐፍ ችግር ሊቃውንቱ ቀደም ብለው አይተውት መፍትሔ አበጅተውለታል ማለት ይቻላል። የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች ከውጭ አገር ስልት ከመፈለጋቸው በፊት ይህን አጻጻፍ ሊያጠኑት ይገባል።

ሁለተኛው ምርጫ በ1961 ዓ.ም. የታተመው የቅዱስ ቁርኣን የአማርኛ ትርጉም ነው። በሞጣና በአካባቢዋ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ገበያ ይገበያያሉ፤ በለቅሶና በደስታ ይጠያየቃሉ። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በሞጣ ከተማ መስጊዶች መቃጠላቸው ግን አብሮ መኖር ብቻውን መተዋወቅ እንዳልሆነ አሳይቷል። አንድ መጽሐፍ ይህን ሊከላከል ይችላል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። ቢሆንም የክርስቲያኑ ልጅ የጎረቤቱን መጽሐፍ፣ የሙስሊሙም ልጅ የአንድምታውን፣ በራሱ ቋንቋ ገልጦ ያየ እንደሆነ ከወሬ የተሻለ መነሻ ይኖረዋል። መደርደሪያው ላይ አንዱ ብቻ ቢቀመጥ ግን ለተማሪው የሚነግረው ሌላ ነገር ነው።

ማጠቃለያና አስተያየት

አራቱ ዘርፎች በሦስቱ መመዘኛዎች ሲታዩ ልቦለዱ ያለ መምህር ይነበባል፤ የኅብረተሰቡ ዘርፍ በገበያው ይመሳከራል፤ የሃይማኖቱ ዘርፍ መምህሩን በወረቀት የማኖር ስልት አለው። የሳይንሱ ዘርፍ ግን ሁለቱንም፣ መምህሩንም ማመሳከሪያውንም፣ ከሌሎቹ መበደር ያስፈልገዋል።

ብድሩ በጥንቃቄ መሆን አለበት። አንድምታ በ«አንድም» ላይ «አንድም» እየጨመረ ትርጉሙን ያበለጽጋል፤ ሁሉም ትርጉሞች አብረው ይኖራሉ። ሳይንስ ደግሞ ብዙ «አንድም» አቅርቦ በፈተና ይቀንሳቸዋል። ቀንድ አውጣዎቹ በእንዶዱ ሞቱ፣ አንድም በሙቀቱ፣ አንድም በወንዙ መድረቅ ሊባል ይችላል፤ በዕቃ ውስጥ የተደረገው ፈተና ግን አንዱን አጠንክሮ ሌሎቹን ያደክማል። በአማርኛ የሚጻፍ የሳይንስ መጽሐፍ ከየኔታ አጠያየቁን ወስዶ ፍርዱን ለፈተና ቢተው ተማሪው ከለመደው ተነሥቶ ወዳልለመደው ይደርሳል።

ከዚህ በመነሣት የሚከተሉት አስተያየቶች ቀርበዋል።

1ኛ. ለገጠር ቤተ መጻሕፍት የሚደረገው ምርጫ በቅጂ ብዛት ብቻ ሳይሆን መጽሐፉ ያለ መምህር ሊነበብ በመቻሉ ጭምር ይመዘን።

2ኛ. በየአካባቢው ታሪክ ላይ፣ ለምሳሌ በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬዎች ዐመፅ ላይ፣ በእንግሊዝኛ የተደረጉ ጥናቶች ለወጣት አንባቢ በአማርኛ ተጠቃለው ይጻፉ።

3ኛ. የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ዕጩ መምህራን ከአካባቢያቸው አንድ ነገር መርጠው፣ እንዶድም ይሁን የገበያ ሚዛን፣ በሠላሳ ገጽ የሳይንስ መጽሐፍ እንዲጽፉ በተግባር ትምህርታቸው ውስጥ ያካትቱ።

4ኛ. መምህራን መጻሕፍቱን ለንባብ ሲሰጡ አንድ ብቻ ሳይሆን ከሁለት ዘርፍ ሁለት መጽሐፍ አጣምረው ይስጡ፤ ልቦለዱን ከታሪኩ፣ ባሕረ ሐሳቡን ከጨረቃው መዝገብ ጋር።

5ኛ. ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ጊዜ መጻሕፍቱ በመጋዘን እንዳይቆለፉ ለተማሪዎች ቤተ ሰብ በፊርማ የሚሰጡበት ሥርዓት አስቀድሞ ይደንገግ። መጽሐፍ ቢጠፋ ወይም ቢቀደድ ሌላ ይገዛል። ሳያነብ ያለፈው የልጁ የትምህርት ዘመን ግን የሚገዛበት ገበያ የለም።